«ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አድራሻ አይደለም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በበራችሁ ላይ አለ፤ ከሌለም ሊኖር ይገባል። የቤታችሁ ቁጥር ነው።

በሉ እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ወደ በሩ ሳትወጡ፣ መታወቂያ ሳታወጡ፣ ጎረቤት ሳትጠይቁ መልሱልኝ። የቤታችሁ ቁጥር ስንት ነው?

ወዲያው የመለሳችሁ ጎበዞች ናችሁ። ያልመለሳችሁ ደግሞ አትፈሩ። እኔም መምህር ሆኜ ሳለሁ መመለስ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ያቃተኝም በክፉ ሌሊት ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ።

ያ ሌሊት

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው። «እማማ» እላቸዋለሁ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እማማ በሬን ደበደቡ።

«መምህር! ኧረ ተነስልኝ! ልጄ ደም እየፈሰሳት ነው!» አሉኝ።

ስልኬን አንስቼ አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩ ቶሎ ተነሣ።

«ቦታው የት ነው?» አለኝ ስልኩን ያነሣው ሰው።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» አልኩ።

«የትኛው ወፍጮ ቤት?»

«ትልቁ ነዋ! ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ወረዳ ስንት ነው? የቤት ቁጥሩስ?»

ወረዳውን ነገርኩት። የቤት ቁጥሩን ሲጠይቀኝ ግን ዝም አልኩ። «እሱን አላውቅም። ብቻ ወፍጮ ቤቱ ጋ ከደረሳችሁ፣ ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል» አልኩት።

ስህተቴን አያችሁት? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማን መንገድ ላይ ቆሞ ይጠየቃል?

በወረዳው ውስጥ ሁለት ወፍጮ ቤቶች ነበሩ። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እማማ እህል የሚያስፈጩበትን። ሾፌሩ የሚያውቀው ደግሞ ሌላውን ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን። መኪናው እዚያ ሄዶ ቅያስ ለቅያስ ሲዞር ቆየ። ሾፌሩ ደጋግሞ ደወለልኝ። «ሰማያዊ በር ነው» አልኩት። በጨለማ ሰማያዊ በር ከአረንጓዴ በር በምን ይለያል?

በመጨረሻ ሁለት የሰፈር ልጆች ወደ ዋናው አስፋልት ሮጡ። መኪናውን አግኝተው፣ እየመሩ አመጡት።

እናትየው ሐኪም ቤት ደርሳ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ቁጥሩን ብናገር ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። እሱን አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የእናትየው ደም ሲፈስ፣ መኪናው በሌላ ሰፈር ይዞር ነበር። የሚዞረውም በእኔ ምክንያት ነበር።

ሲነጋ ወደ አጥሩ በር ወጣሁ። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትታለች። ዝገት በልቷታል። ጠጋ ብዬ አየሁ። 417 ትላለች። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ። ልጆችን ከ1 እስከ 100 መቁጠር አስተምራለሁ። የራሴን በር ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ካደገች በኋላ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። እኛን ልጆቿን፣ ገና አፋችንን ስንፈታ የቤታችንን ቁጥር አስጠናችን። «ብትጠፉ የሚመልሳችሁ ይህ ነው» ትለን ነበር። ዘግይታ የተማረችው እናቴ የያዘችውን ነገር፣ በጊዜ የተማርኩት እኔ ንቄ ትቼው ነበር።

ምልክት ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ትሉ ይሆናል። «እኛ የምንግባባው በምልክት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ከዋርካው በታች እንላለን። እንገናኛለንም።»

እውነት ነው። ምልክት ጥሩ ነገር ነው። ዛሬም ምልክትን ተዉ አልላችሁም። ነገር ግን ምልክት ሦስት ችግር አለበት።

አንደኛ፣ ምልክትን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ግን የሰፈራችሁ ሰው አይደለም። ሰፈራችሁን አይቶት ላያውቅ ይችላል። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ስንል፣ «እኔና ጎረቤቶቼ እናውቀዋለን» ማለታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ምልክት ይመሳሰላል። ወፍጮ ቤት ብዙ ነው። ዳቦ ቤትም ብዙ ነው። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምልክት ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የቆየ ሰፈርም ከፈረሱት መካከል ነው። ትናንት «ከእገሌ ቡና ቤት ጎን» ይባል የነበረው ቦታ፣ ዛሬ ቡና ቤቱ የለም። ስሙን የሚያውቀው ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ወጣት ሾፌር ግን አያውቀውም።

ቁጥራችን ከየት መጣ?

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የከተማ ነዋሪዎች በቀበሌ ተደራጁ። ቀበሌዎች በክልላቸው ያሉትን ቤቶች መዘገቡ፤ ቁጥርም ሰጡ። በብዙ በሮች ላይ ቁጥር የተጻፈው እንዲህ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ ናቸው፤ ጉድለትም አለባቸው። ጉድለታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በብዙ ሰፈር ቁጥሩ በቅደም ተከተል አይሄድም። ቤቱ በተመዘገበ ጊዜ የተሰጠው ቁጥር ነው። ስለዚህ 214 አጠገብ 870 ይገኛል። ሾፌር 214ን አይቶ፣ «እንግዲህ 216 ቀጥሎ ነው» ማለት አይችልም።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት። ወረዳ 5 የሚባል ወረዳ ከአንድ በላይ በሆነ ክፍለ ከተማ ውስጥ አለ። የቤት ቁጥር 312ም በብዙ ወረዳ ውስጥ አለ። «ወረዳ 5፣ ቁጥር 312» ብላችሁ ክፍለ ከተማውን ካልተናገራችሁ፣ መኪናው ወደ ኮልፌ ይሂድ ወይስ ወደ የካ? ሦስቱ አብረው ይነገራሉ፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር።

አንድ የሚያስቅ ነገርም ልንገራችሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። «የቤታችሁን ቁጥር አንብባችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ የእኛ ቤት ቁጥር አዲስ ነው» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልዋሸም። ከአባቱ መታወቂያ ላይ አንብቦ ነው የመጣው። ቁጥር ገና ያልተሰጠው ቤት በመታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ወረዳ ውስጥ ስንት «አዲስ» ቤት ይኖራል? መታወቂያችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። «አዲስ» የሚል ካገኛችሁ፣ ቁጥር እንዲሰጣችሁ ወረዳውን ጠይቁ።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

የቤት ቁጥርም ሆነ የአደጋ ስልክ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ሌሎችም ደርሶባቸው ነው የተማሩት።

በ1935 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ፣ በአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት እሳት ተነሣ። አንድ ጎረቤት ስልክ ደወለ። ስልኩ ግን ወረፋ ያዘ፤ የሚያነሣው አጣ። በቃጠሎው አምስት ሴቶች ሞቱ። ሰዎች ተቆጡ። በ1937 እ.ኤ.አ. 999 የሚባል አጭር የአደጋ ስልክ ተጀመረ። አሜሪካኖችም በ1968 እ.ኤ.አ. 911ን ጀመሩ።

ነገር ግን ስልክ መነሣቱ ግማሹ ሥራ ነው። በአሜሪካ ገጠር ብዙ ቤት የመንገድ ስምም ቁጥርም አልነበረውም። ስልኩ ይነሣል፤ ቤቱ አይገኝም። ስለዚህ ለ911 ሲባል መንገዶቹ ስም ወጣላቸው፤ ቤቶቹም ቁጥር ተሰጣቸው።

ቁጥር አሰጣጡም ዘዴ አለው። በፓሪስ ከተማ ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገዱ አንድ ጎን ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ይላል። በሌላው ጎን ሙሉ ቁጥር ነው፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ይላል። ሾፌር ቁጥሩን ሲሰማ፣ ቤቱ በግራ ይሁን በቀኝ ገና ሳይደርስ ያውቃል።

በአንዳንድ የአፍሪካ ከተሞች ደግሞ ቁጥሩ ርቀት ነው። ቤቱ ከመንገዱ መጀመሪያ 150 ሜትር ላይ ካለ፣ ቁጥሩ 150 ይሆናል። ሾፌር 48ን ካየ፣ «ገና 100 ሜትር ያህል ይቀረኛል» ይላል። በመካከል አዲስ ቤት ቢሠራም ችግር የለም። 90 ሜትር ላይ ከተሠራ ቁጥሩ 90 ነው። «አዲስ» መባል አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ከተማው ነው። እኛ ግን ያን እስክናገኝ ድረስ፣ እጃችን ላይ ያለውን ቁጥር በደንብ እንጠቀምበት።

ቁጥሩን እንዴት እንጻፍ?

ቁጥሩ የሚጻፈው ለእናንተ አይደለም። እናንተማ ቤታችሁን ታውቁታላችሁ። የሚጻፈው በሌሊት ለሚመጣ እንግዳ ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

በትልቁ ጻፉት። አንዱ ቁጥር ቢያንስ የመዳፍ ያህል ይሁን።

በዘይት ቀለም ጻፉት። በጠመኔ ወይም በከሰል የተጻፈ በአንድ ዝናብ ይጠፋል። ግድግዳው ነጭ ከሆነ በጥቁር፣ ጥቁር ከሆነ በነጭ ጻፉ።

ቁጥሩን በሩ ላይ ብቻ አትጻፉት። ሰው ሲታመም በሩ ይከፈታል። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ቁጥሩ አብሮት ይገባል፤ ከውጭ አይታይም። ከበሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ወይም አጥር ላይም ጻፉት።

በቆርቆሮ ከሆነ በሁለት ሚስማር ምቱት። አንዱ ሚስማር ከወለቀ ቆርቆሮው ይገለበጣል። 16 ሲገለበጥ 91 ይሆናል። እስቲ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ እዩት።

በስልክ እንዴት እንናገር?

በመጀመሪያ ስልኮቹን እንወቅ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 991 ፖሊስ ነው። በአዲስ አበባ 939 የእሳት አደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ፣ በከተማችሁ የሚሠራው የእሳትና የአምቡላንስ ስልክ ስንት እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ወይም ከአስተዳደሩ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዛሬ በሰላሙ ቀን ጠይቁ። እሳት ከተነሣ በኋላ አይጠየቅም።

ስልኩ ሲነሣ፣ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይጮሃል። «ድረሱልን! አለቅን!» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይቋረጣል። ማን ወዴት ይድረስለት? ቦታውን አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ግን፣ ስልኩ ቢቋረጥም መኪናው መነሣት ይችላል። «የእጅ ስልኬ ቦታዬን ይናገርልኛል» ብላችሁም አትመኑ። እናንተው ተናገሩ።

ተራው እንዲህ ነው።

1. ክፍለ ከተማ ወይም ከተማ፣ ወረዳ ወይም ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር።
2. ምልክት። «ከእንትን ትምህርት ቤት ዋና በር 50 ሜትር ገባ ብሎ» እንደ ማለት።
3. የደረሰው ነገር። እሳት ነው? ወሊድ ነው? የመኪና አደጋ ነው?
4. ስንት ሰው ተጎዳ?
5. የእናንተ ስልክ ቁጥር።

ቁጥር ስትናገሩ አንድ በአንድ ተናገሩ። 417ን «አራት፣ አንድ፣ ሰባት» በሉ። ለምን መሰላችሁ? በስልክ ቃል ይመሳሰላል። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በጩኸት መካከል አንድ ዓይነት ይሰማሉ። 30 እና 60 ግን አንድ ቤት አይደሉም። «ሦስት፣ ዜሮ» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም።

ከዚያ፣ «ዝጋ» እስክትባሉ ድረስ ስልኩን አትዝጉ። ሌላ ሰው ወደ መንገዱ አፍ ይላክ። ሌሊት ከሆነ ባትሪ ይያዝ። የደጁ መብራት ይብራ። ቁጥሮቻችን በቅደም ተከተል ስለማይሄዱ፣ ቁጥር፣ ምልክትና መንገድ ላይ የሚቆም ሰው ሦስቱም ያስፈልጋሉ። እኔ በዚያ ሌሊት ሦስተኛውን ያገኘሁት ዘግይቶ ነው።

በገጠር ላላችሁ

ገጠር ያላችሁ አድማጮቻችን፣ «እኛ የቤት ቁጥር የለንም» ትሉ ይሆናል። የናንተም አድራሻ አለ። ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ ነው። በዚያ ላይ የመኪናውን መንገድ ጨምሩበት። መኪና ከቤታችሁ ደጅ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የመገናኛ ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ። ድልድዩ ይሁን፣ ትምህርት ቤቱ ይሁን፣ የጤና ኬላው ይሁን፣ አንድ ቦታ ይሁን። ሕመምተኛውን በቃሬዛ እስከዚያ ታደርሳላችሁ፤ መኪናውም እዚያ ይጠብቃል። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት ይህን ቦታ ቀኗ ሳይደርስ ይምረጥ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይንገራት።

ለዛሬ የሚሠራ ሥራ

እንግዲህ አዲስ አንባቢዎች፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። በቤቱ ውስጥ ማንበብ የቻለ ሰው ካለ፣ ለሌላውም ያነባል። እርሳስና ወረቀት አምጡ። ከዚህ በታች ያለውን ገልብጡና ባዶውን ሙሉ።

ክፍለ ከተማ ወይም ከተማ ________
ወረዳ ወይም ቀበሌ ________
የቤት ቁጥር ወይም ጎጥ ________
ቅርብ ያለ ምልክት ________
የአምቡላንስ ስልክ ________
የእሳት አደጋ ስልክ ________
የፖሊስ ስልክ ________

ከጨረሳችሁ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከበሩ አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። ለልጆች እንደ ዘፈን አስጠኑአቸው። ለሠራተኛችሁ፣ ለተከራያችሁ፣ ለአያት ንገሩ። አደጋ ሲመጣ ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደሚሆን አይታወቅም።

እማማን አሁንም አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ከቤታቸው ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። በዚያው ዓመት ግን፣ ከመውጣቴ በፊት፣ የዘይት ቀለም ገዝቼ 417ን በበሩ ምሰሶ ላይ በትልቁ ጽፌላቸው ነበር። ልጃቸው ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ባለፈው ስሄድ ትንሿ ልጅ ደጅ ቆማ አገኘኋት። «ቤታችሁ የት ነው?» አልኳት ለጨዋታ። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አላለችኝም። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን ጠራች። ከዚያም ጣቷን ወደ ምሰሶው ዘርግታ፣ «አራት፣ አንድ፣ ሰባት» አለችኝ።

በሉ፣ እናንተም ወደ በራችሁ ወጥታችሁ አንብቡ። በሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑ።